ቀስ በቀስ የሄደው ብሎን

በስደት ዓለም ስንኖር ዘመድ ለመቀበል ወደ ኤርፖርት እንደ መሄድ ያለ አስደሳች ጉዞ የለም። ሥራ ውለን ደክሞን ቢሆን፣ ሰዓቱም መሽቶ ቢሆን፣ መኪናችንን አስነስተን እንበራለን። ሰኞ ጁላይ 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት (በፈረንጅ 11 ሰዓት) ገደማ በቦስተን ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እንዲሁ ዘመድ ለመቀበል ወደ ሎገን ኤርፖርት በመጓዝ ላይ ነበሩ። ሚስትየዋ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣች፣ እንደ እኛው ስደተኛ ነበረች።

ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው ዋሻ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ከበላያቸው የነበረው የኮንክሪት ኮርኒስ ከጣራው ተላቆ ወረደባቸው። በመኪናውና በመንገዱ ላይ የወደቀው ኮንክሪትና ብረት 26 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ባልየው ቀላል ጉዳት ደርሶበት ከመኪናው ወጣ። ሚስቱ የተቀመጠችበት የቀኝ ወገን ግን በኮንክሪቱ ተደፍጥጦ ስለነበር ሕይወቷ አለፈ። ዕድሜዋ 38 ዓመት ነበር።

በዚያች ሌሊት ቦስተን ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ኮርኒሱን የገጨ የጭነት መኪና አልነበረም። ቃጠሎም ሆነ ፍንዳታ አልተሰማም። ዋሻውም ቢሆን ለሕዝብ ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመት ተኩል ነበር። ታዲያ ያን ያህል ክብደት በጸጥታ ምን አወረደው? መልሱን ለማግኘት የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ያገኙትም መልስ በአንድ ቃል ሲጠቀለል «ሙጫ» የሚል ነው። ዛሬ የዚህን ሙጫ ታሪክ ላጫውታችሁ። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢግ ዲግ

በቦስተን የኖረ ሁሉ «ቢግ ዲግ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ትልቁ ቁፋሮ ማለት ነው። በከተማው መካከል በምሰሶ ላይ የተሠራውን አሮጌ አውራ ጎዳና አፍርሶ መንገዱን ከመሬት በታች ለመውሰድ፣ እንዲሁም ከባሕር ወደቡ ሥር አዲስ ዋሻ ሠርቶ ከኤርፖርቱ ጋር ለማገናኘት የተጀመረ ሥራ ነው። ግንባታው በ1991 ተጀመረ። ከወደቡ ሥር የሚያልፈው የቴድ ዊልያምስ ዋሻ በ1995 ተከፈተ። ከዚህ ዋሻ ጋር የሚያገናኘውና አደጋው የደረሰበት የአይ-90 ዋሻ ደግሞ በጃንዋሪ 2003 ለትራፊክ ክፍት ሆነ። ጠቅላላው ሥራ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበትና የታወቁ መሐንዲሶች የተሰለፉበት ሥራ ነው በጥቂት ሙጫ ምክንያት የሰው ሕይወት ያጠፋው።

ዋሻ ውስጥ ኮርኒስ ለምን ያስፈልጋል? የሚል አንባቢ ይኖራል። ጣራው ላይ በቂ አርማታ አለ፤ ለውበት ተብሎ የተሰቀለ አይደለም። ኮርኒሱና ጣራው በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይፈጥራሉ፤ ከመኪናዎች የሚወጣው ጭስ ደግሞ በዚያ ክፍተት በኩል በትላልቅ ማራገቢያ ተስቦ ይወጣል። በቴድ ዊልያምስ ዋሻ የተሰቀለው ቀለል ያለ ኮርኒስ ነበር። በአይ-90 ዋሻ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ጠፍጣፋ የኮንክሪት ንጣፍ ተመረጠ። ከእነዚህ ንጣፎች የአንዱ ክብደት ከሁለት ቶን በላይ ይደርሳል። ንጣፎቹ በብረት ወጋግራ ላይ ያርፋሉ፤ ወጋግራው በብረት ዘንግ ይንጠለጠላል፤ ዘንጉ ከጣራው ጋር በተያያዘ የብረት ሳህን ላይ ይታሰራል፤ ሳህኑን ደግሞ ከጣራው ጋር የሚያይዙት ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ የዚያ ሁሉ ክብደት መጨረሻው ያረፈው በእነዚያ ብሎኖች ላይ ነበር።

ጣራው በተሞላበት ጊዜ ኮርኒሱን የሚይዝ ብረት አብሮ አልተቀበረም። ስለዚህ ኮርኒሱ ሲሰቀል የደረቀው አርማታ ወደ ላይ ተበሳ፣ በቀዳዳው ውስጥ ኢፖክሲ የተባለ ሙጫ ተሞላ፣ ብሎኑም በሙጫው ውስጥ ተተከለ። የቀዳዳው ጥልቀት 5 ኢንች ያህል ነበር። ሙጫው ሲደርቅ ብሎኑንና ኮንክሪቱን አንድ አካል ያደርጋቸዋል ተብሎ ታምኖበት ነበር።

ከፊሸር እስከ ኢፖክሲ

አርማታ ላይ አንድ ነገር ማንጠልጠል ጥንትም ያስቸግር ነበር። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ፌሮ የምንጨምርበትም ለዚሁ ነው። በጣም አስተማማኙ ዘዴ ስሚንቶው ሳይፈስ በፊት ብሎኑን ከፌሮው ጋር አብሮ ማሰር ነው። ነገር ግን በግንባታ ሥራ ላይ የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የተረሳ ወይም በኋላ የሚመጣ ሥራ ምን ጊዜም አይጠፋም። ያን ጊዜ የደረቀውን መብሳት ግድ ይሆናል።

አገር ቤት ሳለን ግድግዳ በስተን ሥዕል ወይም መጋረጃ ስንሰቅል «ፊሸር አምጣ» እንል ነበር። ይህ ስም የመጣው አርቱር ፊሸር ከተባለው ጀርመናዊ የፈጠራ ሰው ነው። ፊሸር በ1958 የናይለን ፊሸርን ሠራ። ብሎኑ ሲገባ ናይለኑ ይነፋና ቀዳዳው ውስጥ ይጨናነቃል። ለከባድ ዕቃም እንዲሁ በብረት የተሠራና ሲጠበቅ የሚሰፋ ብሎን አለ። እነዚህ ሁሉ የሚይዙት በግፊትና በሰበቃ ነው።

ኢፖክሲ ግን በሌላ መንገድ የሚሠራ ነገር ነው። ሁለት ፈሳሾች፣ ማለትም ሙጫውና ማጠንከሪያው፣ ሲቀላቀሉ በኬሚካል ኃይል ይተሳሰሩና ይደርቃሉ። የኢፖክሲ መሠረት የተጣለው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ ፒየር ካስታን፣ በአሜሪካ ደግሞ ሲልቫን ግሪንሊ የተባሉ ኬሚስቶች ስማቸው ይነሳል። ካስታን ይሠራ የነበረው የጥርስ ሕክምና ዕቃ ለሚያመርት ድርጅት ነበር። በ1946 ሲባ የተባለው የስዊስ ኩባንያ «አራልዳይት» ብሎ የሰየመውን ማጣበቂያ ለሕዝብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ኢፖክሲ አውሮፕላንም፣ መርከብም፣ የቤት ዕቃም ውስጥ ገባ። አርማታ ላይ ብሎን ለመትከልም የተመቸ ሆነ፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ኮንክሪቱን በግፊት አይሰነጥቅም፣ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

ጥንካሬውን በተመለከተ ማንም ሐሰት አልተናገረም። በሚገባ የተተከለ የኢፖክሲ ብሎን በመሣሪያ ሲሳብ ሙጫው ሳይለቅ አርማታው ራሱ ተቦድሶ ሊወጣ ይችላል። ነገሩ የተበላሸው «ምን ያህል ይይዛል?» ተብሎ ተጠይቆ «እስከ መቼ ይይዛል?» ሳይባል በመቅረቱ ነው።

ሬንጅና ሙጫ

አገራችን የምናውቀውን ሬንጅ እናስብ። የቀዘቀዘ ሬንጅ በመዶሻ ብትመቱት እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ያንኑ ሬንጅ ግን በርሜል ውስጥ ዘንበል አድርጋችሁ ብትተዉት፣ ቀን ሳይታወቅበት በራሱ ክብደት ይፈሳል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1927 በመስታወት ማጥለያ ውስጥ ሬንጅ ተጨምሮ መንጠባጠቡ ሲጠበቅ ኖሯል። እስከ 2014 ድረስ፣ በ87 ዓመት ውስጥ ማለት ነው፣ የወደቀው ጠብታ ዘጠኝ ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ያየው ሰው «ይህ ድንጋይ ነው» ብሎ ይምላል። ዕድሜውን ሙሉ ያየው ግን «ይህ ፈሳሽ ነው» ይላል።

ኢፖክሲ የሬንጅን ያህል አይፈስም፤ ቅመሞቹ እርስ በርስ በብርቱ የተሳሰሩ ናቸው። ሆኖም ያው ባሕርይ በመጠኑ አለበት። ድንገት ሲስቡት ጠንካራ ነው፤ ሳያቋርጡ ለዓመታት ሲጎትቱት ግን ውስጡ ያሉት ረጃጅም የኬሚካል ሰንሰለቶች በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታሉ። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይህ መንሸራተት ይፈጥናል። መሐንዲሶች ይህን ባሕርይ «ክሪፕ» ይሉታል። ምን ያህል እንደሚንሸራተት የሚወስነው የሙጫው ቅመም ነው። አንዱ ዓይነት ኢፖክሲ ጥቂት ተንሸራቶ ይቆማል፤ ሌላው ግን እስኪለቅ ድረስ አይቆምም።

የእኛ ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ትዕግሥትን ለማመስገን ነው። በዚያ ዋሻ ግን ቀስ በቀስ በእግሩ የሄደው ብሎኑ ነበር። ሄዶ ሄዶ ከቀዳዳው ወጣ። አንዱ ብሎን ሲለቅ የእሱ ሸክም ወደ ጎረቤቶቹ ይዛወራል። እነሱም ከራሳቸው ሸክም ጋር የተረፈውን ሲሸከሙ የበለጠ ይፈጥናሉ። ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ የቆየው ነገር በመጨረሻ በቅጽበት የሚያልቀው ስለዚህ ነው።

መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት፣ ለዚህ ሥራ ሙጫውን ያቀረበው ኩባንያ ሁለት ዓይነት ኢፖክሲ ይሸጥ ነበር። አንዱ በመደበኛ ጊዜ የሚደርቅ፣ ሌላው ደግሞ ቶሎ የሚደርቅ ነው። ቶሎ የሚደርቀው ለአጭር ጊዜ ጭነት ብቻ፣ ማለትም እንደ ነፋስና እንደ መሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ ለሚያልፍ ኃይል እንጂ፣ ሌት ተቀን ለሚንጠለጠል ሸክም የሚሆን አልነበረም። በዋሻው ጣራ ውስጥ የተገኘው ይኸው ቶሎ የሚደርቀው ነው። አቅራቢው ስለ ሙጫው የሰጠው መግለጫ በቂና ግልጽ አልነበረም ተባለ። ነገር ግን ዲዛይኑን የሠሩትና ሥራውን የተቆጣጠሩት መሐንዲሶችም ሙጫ ከጊዜ ብዛት ሊንሸራተት እንደሚችል አስበው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገቡም። መርማሪዎቹ ከዚህም አልፈው፣ በግንባታው ዓለም በጠቅላላ ስለዚህ ባሕርይ የነበረው ዕውቀት አነስተኛ እንደነበረ ጽፈዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል

የዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል አደጋው ከመድረሱ ሰባት ዓመት በፊት የሆነው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ዋሻው ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ከአንደኛው መተላለፊያ ኮርኒሱ ከተሰቀለ ብዙም ሳይቆይ፣ ሠራተኞች አንዳንድ ብሎኖች ከጣራው ወጣ ወጣ ብለው አገኟቸው። ብሎኖቹ ደግሞ ሲተከሉ በመሣሪያ ተስበው ፈተናውን ያለፉ ነበሩ። ነገሩ በጽሑፍ ሪፖርት ተደረገ፤ ሥራ ተቋራጩም፣ አማካሪ መሐንዲሶቹም፣ የሙጫው አቅራቢም ተነጋገሩበት። «የተከላው ጉድለት ይሆናል» የሚል ግምት ቀረበ። የወጡት ብሎኖች ተነቅለው ሌላ ተተከለ፣ በበለጠ ኃይልም ተስበው ተፈተኑ፣ አለፉ፣ ሥራውም ቀጠለ። ለምን ወጡ? ለሚለው ጥያቄ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልተገኘም። በ2001 ዓ.ም. እንደገና ወጣ ያሉ ብሎኖች ታዩ። አሁንም ነገሩ ሥሩ ድረስ አልተመረመረም።

ውድ አንባቢ፣ የዚህን ፈተና ነገር አስተውሉት። ብሎኑ ሲሳብ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የሚንሸራተት ሙጫ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ኃይሉን እጥፍ ቢያደርጉትም የሚለካው ያው የዛሬ ጥንካሬው ነው። አንድን ሰው ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ለአንድ አፍታ አንሥቶ ስላየነው፣ ያንኑ ጆንያ ተሸክሞ ሰባት ዓመት ይቆማል ብለን አንፈርድም። በዋሻው የተፈረደው ግን እንደዚያ ነው።

ዋሻው ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ዕድል ነበረ። አንድ ሰው መሰላል ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ በባትሪ ቢያበራ፣ ከሳህኑና ከጣራው መካከል የተከፈተውን ክፍተት ባየ ነበር። ብሎን ሲንሸራተት በዓይን ይታያልና። ከአደጋው በኋላ በዚያው ዋሻ ውስጥ ገና ያልወደቁ ግን መውጣት የጀመሩ ሌሎች ብዙ ብሎኖች ተገኝተዋል። መንገዱን ያስተዳድር የነበረው የማሳቹሴትስ ተርንፓይክ ባለሥልጣን ግን በወቅቱ የዋሻ ፍተሻ ፕሮግራም በሥራ ላይ አላዋለም ነበር። መርማሪዎቹ ፍተሻ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ችግሩ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል እንደነበር ደምድመዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር የሚሠራው እሳቱን የሚያይ ዓይን ሲኖር ነው።

ካሣውና ክሱ

ከአደጋው በኋላ የወቅቱ የማሳቹሴትስ ገዥ ሚት ሮምኒ የዋሻዎቹን ፍተሻ በራሳቸው ሥር አደረጉ፤ የተርንፓይኩ ባለሥልጣን ሊቀ መንበርም በዚያው ወር ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ባለሥልጣኑ ራሱ በ2009 ፈርሶ ሥራው ወደ ክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በጃንዋሪ 2008 የዋናው አማካሪ ድርጅቶችና ሌሎች ኩባንያዎች ስለ አደጋውና ስለ ሌሎችም የዋሻው ጉድለቶች ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመንግሥት ለመክፈል ተስማሙ። የሟች ቤተሰብም በዚያው ዓመት በጠቅላላው 28 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለማግኘት ተስማማ። ሙጫውን ያቀረበው ኩባንያ በ2007 በሰው መግደል ወንጀል ተከሶ ነበር። በ2008 መጨረሻ ግን 16 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ክሱ ተነሣ።

ገንዘቡ ሲደመር ብዙ ነው። የጥሩ ሙጫና የመጥፎ ሙጫ የዋጋ ልዩነት ግን ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። በመሰላል ወጥቶ ለመፈተሽም የሚያስፈልገው ወጪ እንዲሁ ነው። የጠፋችውን ሕይወት ደግሞ ምንም ካሣ አይመልሳትም።

ጃፓን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ

የቦስተኑ ምርመራ ውጤት በ2007 ታትሞ ለዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ታሪኩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

እሑድ ዲሴምበር 2 ቀን 2012 ጠዋት ከቶኪዮ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሳሳጎ ዋሻ ውስጥ ከ130 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኮንክሪት ኮርኒስ በሚተላለፉ መኪናዎች ላይ ወደቀ። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ይህ 4.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ የተከፈተው በ1977 ነው። ኮርኒሱም እንደ ቦስተኑ ለአየር ማስወጫ የተሠራ፣ የተንጠለጠለውም በሙጫ በተተከሉ ብሎኖች ነበር።

የሳሳጎ ብሎኖች 35 ዓመት ይዘዋል። እንግዲህ «ሙጫ ሁሉ ቶሎ ይለቃል» ማለት አይቻልም። ጊዜ ግን በሌላ መንገድ ሠራባቸው። የጃፓን መርማሪዎች በአንድ ምክንያት ብቻ አላሳበቡም። ዲዛይኑ ሲሠራ በብሎኖቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል በሚገባ አልተሰላም። አንዳንዱ ቀዳዳ ጠልቆ ተበስቶ ሙጫው ብሎኑን በሙሉ አልያዘውም ነበር። ሙጫው በውሃና በዕድሜ ብዛት እየተዳከመ ሄዷል። የአየሩ ግፊት እየጨመረና እየቀነሰ ለዓመታት ሲነቀንቀውም ኖሯል።

ፍተሻውስ? ፍተሻ ነበር። ዋሻው አደጋው ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው እንኳ ተፈትሾ ነበር። ነገር ግን ከኮርኒሱ እስከ ጣራው አናት ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ስለነበረ ተቆጣጣሪዎቹ ከታች ሆነው በባትሪ አይተው አለፉ። ብሎኖቹን ቀርቦ በመዶሻ እየመቱ ድምፃቸውን መስማት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለ12 ዓመት አልተደረገም። የላላ ብሎን በመዶሻ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ የደነቆረ ነው፤ የጠበቀው ደግሞ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ገንቦ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ስንጥቁን እንደሚለዩት ማለት ነው። ከአደጋው በኋላ ቀርበው ሲመረምሩ በዋሻው ብሎኖች ላይ ከ1,000 በላይ ጉድለት አገኙ። ዛሬ ሳሳጎ ኮርኒስ የለውም፤ ንጣፉ ሁሉ ተነሥቶ ጭሱን የሚገፉ ማራገቢያዎች ተተክተዋል።

ምን ተለወጠ?

ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ የወጡት ደንቦች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ላንሳ።

የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር በ2007ና በ2008 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ዘወትር በሚጎትት ሸክም ሥር በሙጫ የሚያዝ ብሎን እንዳይደረግ አጥብቆ መከረ። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት በ2011 ባወጣው የግንባታ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሙጫ ብሎን ሕግ ጻፈ። ሳያቋርጥ የሚጎትት ሸክም ካለ፣ መሐንዲሱ ሊቆጥር የሚችለው ከሙጫው የመያዝ ኃይል 55 በመቶውን ብቻ ነው። በዚያም ላይ የተለመደው የጥንቃቄ ቅነሳ ይደረጋል። ሙጫው ለገበያ ሲቀርብ ለረዥም ጊዜ ሸክም ተጭኖበትና ተሙቆ መንሸራተቱ መለካት አለበት። አርማታውም ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው የሙጫ ብሎን አይተከልበትም። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ተተክሎ ዘወትር ሸክም የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ተካዩ ሠራተኛ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የያዘ መሆን ይኖርበታል።

በ2015 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የዋሻ ፍተሻ ደንብ አወጣ፤ የመኪና ዋሻዎች በደንቡ መሠረት በመደበኛው በየ24 ወሩ ይፈተሻሉ። ድልድዮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንደዚህ ያለ አገር አቀፍ ደንብ ሲኖራቸው ዋሻዎች ግን አልነበራቸውም። ጃፓንም በ2014 ድልድዮችና ዋሻዎች በየአምስት ዓመቱ ቀርቦ በሚያይ ዓይን እንዲፈተሹ በሕግ አስገደደች። «ከታች ሆኖ ማየት» ከዚያ ወዲህ ፍተሻ መባሉ ቀረ።

ለእኛስ?

ከመካከላችን ታክሲና የጭነት መኪና የሚነዱ፣ በየቀኑ በዋሻና በድልድይ ሥር የሚመላለሱ ብዙዎች ናቸው። በኮንስትራክሽን ሥራ የተሰማሩም አሉ። ለእነዚህ ወንድሞች አንድ ነገር ብዬ ላብቃ።

አርማታ ሲበሳ ቀዳዳው በዱቄት ይሞላል። ዱቄቱ ሳይወጣ ሙጫ ቢጨመር የሚጣበቀው ከዱቄቱ ጋር እንጂ ከኮንክሪቱ ጋር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ በአየር ይነፋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ እንደገና ይነፋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገምም የሙጫው መመሪያ ይናገራል። ሙጫው ከቀዳዳው ጥልቅ ሥር ተጀምሮ ወደ አፉ ይሞላል፤ አለበለዚያ አየር ውስጡ ይቀራል። እስኪደርቅ ድረስም ብሎኑ አይነካም። አለቃው «ቶሎ በል» ሲል ይህን ሁሉ መዝለል ቀላል ነው፤ ከውጭ ሲታይ በደንብ የተተከለውና በችኮላ የተተከለው አንድ ናቸውና። ልዩነቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ተካዩ በሌለበት፣ ከሥሩ በሚያልፍ ሰው ላይ ነው።

ደግሞም ብሎን ወጣ ብሎ ያየ ሠራተኛ ዝም አይበል። እንግሊዝኛው ባይሟላም፣ ስደተኛ በመሆኑ ቢፈራም፣ በጣቱ ያመልክት፤ በጽሑፍም ያስመዝግብ። በ1999 በቦስተን ምልክቱን ያዩት ሠራተኞች አይተው ተናግረዋል። የጎደለው ከእነሱ በላይ የነበረው፣ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር።

በቦስተንና በሳሳጎ ያለፉትን ነፍስ ይማር። ዘመድ ለመቀበል የሚሄዱትን ሁሉ በሰላም ያድርሳቸው።

ቸር ይግጠመን።